መጠኑን ያወቀ ጨረር፦ የምግብ መውረጃ ቧንቧ ካንሰር ጥምር ሕክምናና የጎንዮሽ ጉዳቱ ሲዳሰስ

የምግብ መውረጃ ቧንቧ ካንሰር የያዘው ሰው ሐኪም ዘንድ የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ ምግብ አልወርድ ካለው በኋላ ነው። መጀመሪያ ሥጋና ዳቦ ያንቀዋል፤ ቀጥሎ እንጀራ ይይዘዋል፤ በመጨረሻ አጥሚትና ውኃ ብቻ ይቀሩታል። እዚህ ደረጃ ላይ ለደረሰ ታማሚ ጨረርና ኬሞቴራፒ አንድ ላይ ሲሰጡት ዕድሜው ሊራዘም፣ ፈጽሞ ሊድንም እንደሚችል በጥናት ተረጋግጧል። ሕክምናው የሚያደርሰው ጉዳትም በእነዚያው ጥናቶች ተመዝግቧል። ይህ ዳሰሳ ሦስት ጥያቄዎችን ያነሣል፦ ጉዳቱ ምን ምን ነው? ምን ያባብሰዋል? ምንስ ይቀንሰዋል? የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የጽሑፉ አቋም ከወዲሁ ይታወቅ። የጎንዮሽ ጉዳት ሕክምናው ካለቀ በኋላ የሚወራረድ ሒሳብ ተደርጎ ሲታይ ሰው ይሞታል። ከመጀመሪያው የጨረር ቀን በፊት እንደ አንድ የሕክምናው ክፍል ሲታቀድለት ግን አብዛኛው ሊቻል የሚችል ነው። የሚከተሉት ማስረጃዎች ሁሉ ወደዚህ ያመለክታሉ።

ጥምሩ ለምን አስፈለገ?

እስከ 1980ዎቹ ድረስ ለቀዶ ሕክምና ያልበቃ ታማሚ በአብዛኛው የሚታከመው በጨረር ብቻ ነበር። በአሜሪካ የተካሄደው አርቲኦጂ 85-01 የተባለ ጥናት ይህን ልማድ ለወጠ። አንዱ ቡድን 64 ግሬይ ጨረር ብቻ ተሰጠው፤ ሌላው 50 ግሬይ ጨረር ከሲስፕላቲንና ከፍሎሮዩራሲል ጋር ወሰደ። ግሬይ ሰውነት የተቀበለው የጨረር መጠን የሚለካበት መስፈርት ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ ጨረር ብቻ ካገኙት አንድም ሰው በሕይወት አልተገኘም፤ ጥምሩን ካገኙት ግን 26 በመቶዎቹ ተርፈዋል።

ዋጋው ከመጀመሪያውም ግልጽ ነበር። በ1992 በወጣው የዚሁ ጥናት ዘገባ መሠረት ጥምሩን ከወሰዱት 44 በመቶዎቹ ከባድ፣ 20 በመቶዎቹ ደግሞ ለሕይወት የሚያሰጋ የጎንዮሽ ጉዳት ደርሶባቸዋል። ጨረር ብቻ በወሰዱት ላይ ቁጥሩ 25 እና 3 በመቶ ነበር። በጥምሩ ቡድን የጨረሩ መጠን አንሶ ሳለ ጉዳቱ መብዛቱን ልብ ይሏል።

ምክንያቱ በሴሉ ውስጥ ነው። ጨረር የሴልን ዲኤንኤ ይበጥሳል። ከጨረር ጋር የሚሰጡት መድኃኒቶች ደግሞ የተበጠሰው እንዳይጠገን ያውካሉ፣ ወይም ሴሉን ጨረር በሚበረታበት የመከፋፈል ደረጃ ላይ ይዘው ያቆሙታል። ይህ ስልት ካንሰሩን ብቻ ለይቶ አያጠቃም። ቶሎ ቶሎ የሚታደሰው የቧንቧው የውስጥ ሽፋንና ደም የሚመረትበት መቅኒም አብረው ይመታሉ። በዚያ ላይ እያንዳንዱ መድኃኒት የራሱን ጣጣ ይዞ ይመጣል፦ ሲስፕላቲን ኩላሊትንና ጆሮን፣ ፍሎሮዩራሲል አፍን፣ አንዳንዴም የልብን ደም ሥር፣ ፓክሊታክስል የእጅና የእግር ነርቭን፣ ካርቦፕላቲን የደም ሴሎችን ይነካል።

ዛሬ ጥምሩ በሁለት መንገድ ይሰጣል። አንደኛው ከቀዶ ሕክምና በፊት ዕጢውን ለማሳነስ፣ ሁለተኛው ያለ ቀዶ ሕክምና ካንሰሩን ለማጥፋት ነው። የካንሰሩ ዓይነትም ይለያያል። በኢትዮጵያና በቀረው ምሥራቅ አፍሪካ፣ እንዲሁም በቻይናና በኢራን የሚበዛው ስኳመስ የሚባለው ዓይነት ለጨረር የተሻለ ምላሽ ይሰጣል። በምዕራቡ ዓለም የሚበዛው አዴኖካርሲኖማ አብዛኛውን ጊዜ ከቧንቧው የታችኛው ጫፍ ይነሣል። ይህ ልዩነት፣ ወደፊት እንደምናየው፣ ጨረሩ ለማን ያስፈልጋል የሚለውን ጥያቄ ለመመለስ ወሳኝ ነው።

በሕክምናው ሳምንታት የሚታየው

የምግብ መውረጃ ቧንቧ 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል። ከፊቱ የአየር ቧንቧና ልብ፣ ከኋላው አከርካሪ፣ በግራና በቀኙ ሳንባ አሉ። ጨረሩ በየትኛውም አቅጣጫ ቢመጣ ከእነዚህ አንዱን ሳይነካ ዕጢው ዘንድ አይደርስም። የተለመደው አሰጣጥ በቀን 1.8 ግሬይ፣ በሳምንት አምስት ቀን ነው። 50.4 ግሬይ ለመሙላት 28 ቀን ሕክምና ያስፈልጋል፤ ይህም አምስት ሳምንት ተኩል ያህል ይፈጃል።

የመጀመሪያው ሳምንት አብዛኛውን ጊዜ በሰላም ያልፋል። በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት ግን የቧንቧው የውስጥ ሽፋን ይቆስላል። ታማሚው ሲውጥ ደረቱ መሐል ያቃጥለዋል፤ አንዳንዱ ምራቁን እንኳ ለመዋጥ ይፈራል። ሕመሙ ወደ ሕክምናው ማብቂያ ይበረታና ከጨረሩ በኋላ ባሉት ጥቂት ሳምንታት ቀስ በቀስ ይሽራል። ብዙዎች በዚህ ጊዜ «ካንሰሩ ባሰብኝ» ብለው ያስባሉ። ሕመሙ የሚጠበቅና የሚያልፍ መሆኑን አስቀድሞ የነገራቸው ሰው ከሌለ ሕክምናውን አቋርጠው ወደ አገራቸው ይመለሳሉ። የዚህ ቁስል መድኃኒት የሚያደነዝዝ ፈሳሽ፣ የጨጓራ አሲድ መቀነሻ፣ ፓራሲታሞል፣ ሲብስም የሞርፊን ሽሮፕ ነው። ሞርፊን ለሚሞት ሰው ብቻ የሚሰጥ መድኃኒት አይደለም። ለመዋጥ የተቸገረ ታማሚ ከምግብ በፊት ሲወስደው መብላት ይችላል፤ መብላት ከቻለ ደግሞ ሕክምናውን ይጨርሳል።

ቁስሉ ከሚጠበቀው በላይ ሲብስ የአፍና የጉሮሮ ፈንገስ መኖሩን መመርመር ግድ ነው። ነጭ የደም ሴሉ ባነሰና አካሉ በደከመ ታማሚ ላይ ካንዲዳ የተባለው ፈንገስ በቁስሉ ላይ ይደረባል። በፍሉኮናዞል ወይም በኒስታቲን በቀላሉ የሚታከም ሆኖ ሳለ በጨረሩ ከተሳበበ ታማሚው ያለ ጥቅም ይሠቃያል።

ሁለተኛው የፈጣን ጉዳት መስክ ደም ነው። ምን ያህል እንደሚወርድ የሚወስነው የመድኃኒቱ ምርጫ ነው። ኔዘርላንድስ ውስጥ የተካሄደውና በ2012 የታተመው ክሮስ የተባለው ጥናት 41.4 ግሬይ ጨረርን በየሳምንቱ ከሚሰጥ አነስተኛ መጠን ያለው ካርቦፕላቲንና ፓክሊታክስል ጋር አቀናጀ። ነጭ የደም ሴላቸው በከባድ ደረጃ የወረደባቸው 6 በመቶ ብቻ ነበሩ። በቻይና በተካሄደውና በ2018 በወጣው ኒዮሲአርቴክ 5010 ግን 40 ግሬይ ጨረር ከቪኖረልቢንና ከሲስፕላቲን ጋር ሲሰጥ ይኸው ችግር 48.9 በመቶዎቹን አግኝቷቸዋል። ሁለቱ ጥናቶች በጨረር መጠን እምብዛም አይለያዩም፤ ልዩነቱን ያመጣው በዋናነት መድኃኒቱና አሰጣጡ ነው። የደም ምርመራ በየሳምንቱ በማይሠራበት፣ ትኩሳት የያዘው ሰው ሌሊት ሆስፒታል በማይደርስበት አገር ከሁለቱ የቱን መምረጥ እንደሚገባ ይህ ቁጥር ይናገራል።

ከነዚህ ሌላ ድካም፣ ማቅለሽለሽ፣ የምግብ ፍላጎት ማጣትና በደረትና በጀርባ ቆዳ ላይ መጥቆር ይታያሉ። ከሁሉም በላይ የሚያሳስበው የክብደት መቀነስ ስለሆነ ለብቻው እንመለስበታለን።

ከወራትና ከዓመታት በኋላ የሚመጣው

ዘግይተው የሚመጡት ጉዳቶች አደገኛ የሚሆኑት ታማሚው ከሐኪሙ ዓይን ከራቀ በኋላ ስለሚከሰቱ ነው። «ሕክምናዬን ጨርሻለሁ» ብሎ ቤቱ የገባ ሰው ከአራት ወር በኋላ የጀመረውን ሳል ከጨረሩ ጋር አያገናኘውም፤ የአካባቢው ጤና ጣቢያም ላያገናኘው ይችላል።

በጨረር የመጣ የሳንባ ብግነት ብዙውን ጊዜ ሕክምናው ካለቀ ከአንድ እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ይታያል። ደረቅ ሳል፣ የትንፋሽ ማጠርና ቀለል ያለ ትኩሳት ምልክቶቹ ናቸው። ሳንባ ምች ወይም ቲቢ ሊመስል ይችላል። መድኃኒቱ ግን ሌላ ነው፤ ኢንፌክሽን አለመሆኑ ከተጣራ በኋላ ፕሬድኒሶሎን ይሰጥና በሳምንታት ውስጥ ቀስ እያለ ይቀነሳል። የጨረር ዕቅድ አውጪዎች ይህን ለመከላከል ከሳንባው 20 ግሬይና ከዚያ በላይ የሚቀበለውን ክፍል ይለካሉ፤ ከ30 በመቶ እንዳይበልጥም፣ ከተቻለ ከዚያ በእጅጉ እንዲያንስ ይጥራሉ።

ልብም አይተርፍም፤ በተለይ ዕጢው በቧንቧው የታችኛው ክፍል ሲሆን። በልብ ሽፋን ውስጥ ፈሳሽ መጠራቀም በወራት ውስጥ ሊታይ ይችላል፤ የልብ ደም ሥር መጥበብ፣ የምት መዛባትና የልብ ድካም ደግሞ በዓመታት ሒደት ይመጣሉ። ቀድሞውኑ የደም ግፊት፣ ስኳር ወይም የልብ ሕመም ያለበት፣ ሲጋራም የሚያጨስ ሰው ስጋቱ ይበዛበታል።

ቧንቧው ራሱ ሲሽር ጠባሳ ሠርቶ ሊጠብ ይችላል። ምግብ እንደገና መያዝ ሲጀምር ታማሚውም ሐኪሙም የሚፈሩት ካንሰሩ መመለሱን ነው። ሁለቱን መለየት የሚቻለው በኢንዶስኮፒና በናሙና ነው። ጠባሳ ከሆነ ቧንቧውን ቀስ በቀስ በማስፋት ይታከማል፤ ብዙ ጊዜ ደጋግሞ ማስፋት ያስፈልጋል። ዳግም ካንሰር ነው ተብሎ ሳይመረመር ተስፋ የተቆረጠበት ሰው በቀላል ሕክምና መብላት ይችል የነበረ ሊሆን ይችላል።

ከሁሉ የሚያስፈራው በምግብና በአየር ቧንቧ መካከል የሚከፈተው ቀዳዳ፣ ፊስቱላ ነው። የምግብ መውረጃ ቧንቧ እንደ አንጀት የውጭ ልባስ ስለሌለው ካንሰሩ ወደ አየር ቧንቧ ግድግዳ በቀላሉ ይገባል። እንዲህ የገባ ካንሰር በጨረር ሲከስም ቦታው ክፍት ሆኖ ሊቀር ይችላል። ውኃ ሲጠጣ ወዲያው የሚያስለው ሰው ካለ ያለ ቀጠሮ መታየት አለበት። አንገት አካባቢ ባለ ዕጢ ላይ ጨረር የወሰዱ ሰዎች ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ የታይሮይድ ሆርሞናቸው ሊያንስ ይችላል። ብርድ የማይችሉ፣ ክብደታቸው የሚጨምርና የሚደክማቸው ከሆነ በደም ምርመራ ይታወቃል፤ በቀን አንድ ክኒንም ይስተካከላል። በህብለ ሰረሰር ላይ የሚደርስ ጉዳት የማይመለስ ሽባነት ያስከትላል። ዕቅድ አውጪዎች ህብለ ሰረሰሩ ከ45 ግሬይ ያህል በላይ እንዳያገኝ ስለሚጠነቀቁ ግን እጅግ ብርቅ ነው።

ጨረሩ ሲበዛ ፈውሱ ይበዛል?

ጥምሩ እንደሚሠራ ከታወቀ በኋላ የመጣው ሐሳብ የጨረሩን መጠን መጨመር ነበር። በሌሎች ካንሰሮች የሠራ ስልት ስለሆነ ምክንያታዊ ይመስል ነበር። በ2002 የታተመው ኢንተርግሩፕ 0123 የተባለው የአሜሪካ ጥናት 50.4 ግሬይን ከ64.8 ግሬይ ጋር አወዳደረ፤ ሁለቱም ከአንድ ዓይነት ኬሞቴራፒ ጋር ተሰጡ። ከሁለት ዓመት በኋላ በከፍተኛው መጠን 31 በመቶ፣ በዝቅተኛው 40 በመቶ በሕይወት ነበሩ። ከሕክምናው ጋር በተያያዘ የሞቱት በከፍተኛው መጠን 11፣ በዝቅተኛው 2 ነበሩ። ከ11ዱ ሰባቱ የሞቱት ገና 50.4 ግሬይ ወይም ከዚያ ያነሰ ወስደው ሳሉ ስለነበር ሞታቸውን በተጨመረው ጨረር ብቻ ማሳበብ አይቻልም። የተጨመረው ጨረር ምንም ጥቅም እንዳላመጣ ግን አያከራክርም።

ይህ የድሮ ማሽን ችግር ይሆናል ያሉ ተመራማሪዎች ጥያቄውን በዘመናዊ መሣሪያ መልሰው ፈተሹት። በ2021 የወጣው የኔዘርላንድስ አርትዴኮ ጥናት 50.4 ግሬይን ዕጢው ላይ እስከ 61.6 ግሬይ ከማድረስ ጋር ቢያወዳድርም በቦታው ካንሰሩን በመቆጣጠር ረገድ ልዩነት አላገኘም። በቻይና 50ን ከ60 ግሬይ ጋር ያወዳደረ ሌላ ጥናትም ጥቅም አላየም፤ ከባድ የሳንባ ብግነት ግን በ60 ግሬይ ቡድን በዝቶ ታየ። አበው «አስቀድሞ ነበር መጥኖ መደቆስ» የሚሉት እዚህ ላይ በቀጥታ ይሠራል። በሦስት አገሮች፣ በተለያየ ዘመን መሣሪያ የተደገመው መልስ አንድ ነው፦ ከ50 ግሬይ አካባቢ በላይ ያለው ጨረር በአብዛኛው ታማሚውን ይጎዳል እንጂ ካንሰሩን ይበልጥ አይቆጣጠርም።

ሕክምናው ከበሽታው ደረጃ ጋር ካልተመጣጠነም ትርፉ ጉዳት ብቻ ይሆናል። በፈረንሳይ የተካሄደው ኤፍኤፍሲዲ 9901 ገና አንደኛና ሁለተኛ ደረጃ ላይ ያሉ ሕሙማንን ከቀዶ ሕክምና በፊት ጥምሩን ሰጣቸው። ዕድሜ አልጨመረላቸውም፤ ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሞቱት ግን 11.1 በመቶ ሆኑ፣ በቀጥታ ወደ ቀዶ ሕክምና ከገቡት ግን 3.4 በመቶ ነበሩ። በሌላኛው ጫፍ፣ መዳን ለማይችሉና ለመዋጥ ብቻ እርዳታ ለሚሹ ሕሙማን የተደረገው ትሮግ 03.01 ጨረር ብቻውን ከጥምሩ ጋር አወዳደረ። መዋጥ የተሻለላቸው 35 እና 45 በመቶ ሲሆኑ ልዩነቱ በስታቲስቲክስ ሚዛን የሚደፋ አልነበረም፤ የጎንዮሽ ጉዳቱ ግን በጥምሩ በዝቷል። ማዳን ግብ ካልሆነ ኬሞቴራፒን መጨመር ለታማሚው መልካም አልዋለም ማለት ነው።

ለአረጋውያን ደግሞ ቀለል ያለ ጥምር መንገድ ተገኝቷል። በቻይና ዕድሜያቸው 70ና ከዚያ በላይ በሆኑ ሰዎች ላይ በተሠራውና በ2021 በታተመ ጥናት ጨረር ኤስ-1 ከተባለ የኬሞቴራፒ ክኒን ጋር የወሰዱት ከሁለት ዓመት በኋላ 53.2 በመቶዎቹ በሕይወት ነበሩ፤ ጨረር ብቻ የወሰዱት 35.8 በመቶ። ከባድ ጉዳቱ በነጭ የደም ሴል መውረድ ካልሆነ እምብዛም አልተለያየም። ዕድሜ ብቻውን ሰውን ከጥምሩ የሚያስወጣ ምክንያት እንዳልሆነ ይህ ያሳያል።

ቀዶ ሕክምና ሲታከልበት

በክሮስ ጥናት በቀጥታ ወደ ቀዶ ሕክምና ከገቡት ግማሾቹ 24 ወር ሲኖሩ፣ ጥምሩን አስቀድመው ከወሰዱት ግማሾቹ ከ49.4 ወር በላይ ኖረዋል። ከስኳመስ ሕሙማን 49 በመቶ በሚሆኑት ላይ በተቆረጠው አካል ውስጥ ሕይወት ያለው ካንሰር አልተገኘም። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ሆስፒታል ሳሉ የሞቱት በሁለቱም ቡድን 4 በመቶ ነበሩ። ጥሩ ልምድ ባለበት ቦታና በልኩ በተሰጠ ጨረር ቀዶ ሕክምናው ይበልጥ አደገኛ አለመሆኑ ትልቅ ዜና ነበር።

ውጤቱ ግን በሁሉም ቦታ እንዲህ አልነበረም። በጀርመንና በፈረንሳይ በ2005 እና በ2007 የታተሙ ሁለት ጥናቶች ከጥምሩ በኋላ ቀዶ ሕክምና መጨመሩን ፈትሸዋል። በጀርመኑ ከሕክምና ጋር የተያያዘ ሞት ቀዶ ሕክምና በተጨመረበት 12.8 በመቶ፣ ባልተጨመረበት 3.5 በመቶ ነበር። በፈረንሳዩ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የሞቱት 9.3 እና 0.8 በመቶ ነበሩ። ካንሰሩ በቦታው መመለሱ በቀዶ ሕክምናው ቢቀንስም በጠቅላላ ዕድሜ ላይ ልዩነት አልታየም። በቅርቡ የወጣው የኔዘርላንድስ ሳኖ ጥናት ደግሞ ከጥምሩ በኋላ ካንሰሩ የማይታይባቸውን ሰዎች በቅርብ እየተከታተሉ ቀዶ ሕክምናውን ማቆየት በሁለት ዓመት ውስጥ ዕድሜን እንደማይጎዳ አሳይቷል፤ ክትትል ከተደረገላቸው 74፣ ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው 71 በመቶ በሕይወት ነበሩ። ይህ መንገድ ግን የማያቋርጥ ኢንዶስኮፒና ምርመራ ይጠይቃል። ክትትል በሌለበት ይህን መንገድ መከተል ታማሚውን መጣል ይሆናል።

አዴኖካርሲኖማ ላለባቸው ጨረሩ ራሱ ጥያቄ ውስጥ ገብቷል። የጀርመኑ ኢሶፔክ ጥናት ከቀዶ ሕክምና በፊትና በኋላ የሚሰጥ ፍሎት የተባለ ጠንካራ ኬሞቴራፒን ከክሮስ ጋር ሲያወዳድር፣ ግማሾቹ ሕሙማን የኖሩበት ጊዜ በኬሞቴራፒው 66፣ በክሮስ 37 ወር ሆነ። ስኳመስ በሚበዛባት ጃፓን የተካሄደው ኔክስት ጥናትም ሦስት መድኃኒት ያለው ኬሞቴራፒ በሦስት ዓመት 72.1 በመቶ ሕሙማንን በሕይወት እንዳቆየ፣ ጨረር የታከለበት ግን 68.3 በመቶ እንደሆነ ዘግቧል። ጨረርን መተው ጉዳትን መተው አይደለም፤ እነዚህ ኬሞቴራፒዎች የራሳቸው ከባድ ጫና አላቸው። ዋናው ትምህርት ጨረር ለሁሉም ሰው በአንድ ዓይነት መንገድ የሚታዘዝበት ጊዜ ማለፉ ነው።

መሣሪያውና ዕቅዱ

ጉዳትን ከሚወስኑት አንዱ ጨረሩ በምን ያህል ጥንቃቄ እንደተመራ ነው። በድሮው ራጅ ላይ በተመሠረተ ዕቅድ ጨረሩ በሰፋፊ መስኮች ይሰጥ ስለነበር ብዙ የሳንባና የልብ ክፍል አብሮ ይመታ ነበር። በሲቲ ስካን የሚሠራው ባለ ሦስት ገጽታ ዕቅድ ይህን በእጅጉ ቀነሰ፤ የጨረሩን ጥንካሬ በየአቅጣጫው የሚለዋውጠው ዘዴ ደግሞ ይበልጥ አጠበበው። በአሜሪካ ኤም ዲ አንደርሰን የካንሰር ማዕከል መሪነት በተካሄደና በ2020 በታተመ ጥናት ፕሮቶን የተባለው ጨረር ከዚህም የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል፤ ጥንካሬውን በሚለዋውጠው ዘዴ የደረሰው ጠቅላላ የጉዳት ጫና ከፕሮቶኑ 2.3 እጥፍ ነበር። ፕሮቶን ለአብዛኛው ዓለም ሩቅ ነው። ከራጅ ወደ ሲቲ የሚደረገው እርምጃ ግን የሚቻል ነው፤ የሚያድነውም ሳንባና ልብ ብዙ ነው።

ምግብ፦ የተዘነጋው ሕክምና

ለዚህ ካንሰር ሕሙማን የጎንዮሽ ጉዳቱ ጨረሩ ከመጀመሩ በፊት ይጀምራል ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ብዙዎቹ ተርበው ነው የሚመጡት። የተራበ አካል ቁስልን አይጠግንም፣ ኬሞቴራፒን አይችልም፣ ኢንፌክሽንን አይመክትም። የአውሮፓ የሥነ ምግብ መመሪያ ለካንሰር ታማሚ በአንድ ኪሎ ግራም ክብደት በቀን ከ25 እስከ 30 ኪሎ ካሎሪና ከ1 እስከ 1.5 ግራም ፕሮቲን ያዛል። 50 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ይህ ከ1,250 እስከ 1,500 ኪሎ ካሎሪና ከ50 እስከ 75 ግራም ፕሮቲን ነው። ውኃ የበዛበት አጥሚት ብቻውን ይህን አይሞላም። ወተት፣ እንቁላል፣ የተፈጨ ምስር፣ የኦቾሎኒ ቅቤ፣ ዘይትና ቅቤ ሲጨመርበት ግን ሊሞላ ይችላል። በርበሬ፣ ሎሚ፣ አረቄ፣ ትኩስ ሻይና ትኩስ ገንፎ ቁስሉን ያባብሳሉ። ጫት የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፤ ሲጋራ ሳንባውን ይበልጥ ይጎዳል።

ምንም የማይወርድለት ሰው በቱቦ መመገብ አለበት፤ በአፍንጫ የሚገባ ወይም በቀጥታ ወደ ትንሹ አንጀት የሚከፈት ቱቦ ይደረግለታል። ወደ ጨጓራ የሚከፈተውን ቀዶ ሐኪሞች ይጠነቀቁለታል፤ ቧንቧው ሲወጣ የሚተካው ጨጓራው ስለሆነ። ቧንቧውን ከፍቶ የሚይዝ የብረት ስቴንት ማስገባት በቶሎ ቢያስውጥም ለመዳን ለሚታከም ሰው ከጨረር ጋር ሲገናኝ መብሳትና መድማት ሊያመጣ ስለሚችል ብዙውን ጊዜ አይመከርም። ሌላም ጥንቃቄ አለ፦ ለሳምንታት የተራበን ሰው በአንድ ጊዜ ብዙ መመገብ በደሙ ውስጥ ያለውን ፎስፌትና ፖታሲየም በድንገት ያወርዳል፤ ልብን ሊያቆምም ይችላል። በትንሹ ተጀምሮ ቫይታሚን ቢ1 እየተሰጠ ደም እየተለካ ቀስ በቀስ መጨመር ይገባል።

ጾምም እዚህ ላይ በግልጽ መነሣት ያለበት ጉዳይ ነው። ወተትና እንቁላል የሚከለክለው የኦርቶዶክስ ጾም ወይም ረመዳን በሕክምናው ሳምንታት ላይ ሲውል ታማሚው ብቻውን ከሕሊናው ጋር መታገል የለበትም። ሁለቱም ሃይማኖቶች ለታመመ ሰው መንገድ አላቸው። ሐኪሙ «ከንስሐ አባትዎ ጋር ይነጋገሩ»፣ «ሼሁን ያማክሩ» ማለቱ እንደ መድኃኒት ማዘዣ የሚቆጠር ምክር ነው።

በኢትዮጵያ ሲታይ

ይህ ካንሰር በተለይ በአርሲና በባሌ ጎልቶ ይታያል፤ ከኢትዮጵያ እስከ ደቡብ አፍሪካ የሚዘረጋው በሽታው የሚበዛበት የምሥራቅ አፍሪካ መስመር አካልም ነው። ለብዙ ዓመታት የአገሪቱ የጨረር ሕክምና በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በነበረው የኮባልት ማሽን ላይ የተንጠለጠለ ነበር፤ ሕሙማን ለወራት ተራ ይጠብቁ ነበር። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በዚያውና በጅማ ሊኒየር አክሰለሬተር የተባለ ዘመናዊ የጨረር ማሽን ሥራ ጀምሯል። የኮባልት ምንጭ ኃይሉ በ5.27 ዓመት በግማሽ ይቀንሳል፤ ምንጩ ባረጀ ቁጥር አንዱ ታማሚ ማሽኑ ላይ የሚቆይበት ጊዜ ይረዝማል፣ ወረፋውም እንዲሁ። ወረፋ ደግሞ ራሱ ጉዳት ነው። በጥበቃው ወራት ታማሚው ይከሳል፤ ካንሰሩ ወደ አየር ቧንቧ ይጠጋል፤ የፊስቱላ ስጋት ይጨምራል።

የማሽን ብልሽትም ሁለት ጊዜ ይጎዳል። ስኳመስ ካንሰር ሕክምናው ሲቋረጥ መልሶ ይባዛል፤ ስለዚህ የቆመው ቀን መካካስ አለበት። በቀን ሁለት ጊዜ ቢያንስ በስድስት ሰዓት ልዩነት ወይም ቅዳሜና እሑድ በማከም ማካካስ ይቻላል፤ ካልታሰበበት ግን ታማሚው ጉዳቱን ሙሉ በሙሉ ተቀብሎ ጥቅሙን በከፊል ያገኛል። ከአዲስ አበባ ውጭ የመጣ ሰው ለስድስት ሳምንት ማደሪያ፣ ምግብና አስታማሚ ያስፈልገዋል። ገንዘቡ ሲያልቅ የሚቋረጠው ሕክምና በመዝገብ ላይ «ታማሚው ጠፋ» ተብሎ ይጻፋል፤ እውነቱ ግን ማረፊያ አጥቶ መመለሱ ነው።

ምን ይደረግ?

ማስረጃው ለሐኪም፣ ለታማሚና ለጤና አስተዳዳሪ ግልጽ መንገድ ያሳያል። የጨረሩ መጠን ከ50 ግሬይ አካባቢ ማለፍ የለበትም፤ ከቀዶ ሕክምና በፊት ሲሆን 41.4 ይበቃል። ቅርብ ክትትል በማይገኝበት ቦታ ደምን ክፉኛ የማያወርድ፣ በየሳምንቱ የሚሰጥ አነስተኛ መጠን ያለው መድኃኒት ይመረጥ። መዳን ለማይቻልበት ታማሚ ጨረር ብቻውን ወይም ስቴንት ይበቃዋል። ክብደትና አመጋገብ ከመጀመሪያው ጨረር በፊት ይመዝገቡ፤ በየሳምንቱም ይለኩ። የሕመም ማስታገሻ ሲጠየቅ ሳይሆን ሲጠበቅ ይሰጥ።

ትልቁ ክፍተት ግን ከመጨረሻው የጨረር ቀን በኋላ ነው፤ ለመሙላት የሚጠይቀው ወጪም ከሁሉም ያነሰ ነው። ታማሚው ወደ ጎባ ወይም ወደ አሰላ ሲመለስ በኦሮምኛና በአማርኛ የተጻፈ አንድ ገጽ ይዞ መሄድ አለበት። ገጹ ስንት ግሬይ፣ በየትኛው አካል ላይ፣ ከምን መድኃኒት ጋር እንደወሰደ ይናገር። 38 ዲግሪ የደረሰ ትኩሳት፣ ሲጠጣ የሚመጣ ሳል፣ ደም ማስታወክ፣ ምራቅ አለመዋጥና አዲስ የትንፋሽ ማጠር ወዲያው ወደ ሐኪም የሚያስኬዱ መሆናቸውን ይዘርዝር። ለጤና ጣቢያው ባለሙያም «እስከ ስድስት ወር ድረስ የሚመጣ ደረቅ ሳል የጨረር ብግነት ሊሆን ይችላል፤ እንደገና የጀመረ የመዋጥ ችግር ሳይመረመር ካንሰር ነው አይባል» ይበል። ይህን ገጽ ለማዘጋጀት አዲስ ማሽን መግዛትም ሆነ የውጭ እርዳታ መጠበቅ አያስፈልግም። ሠላሳ ዓመት በውድ ዋጋ የተሰበሰበው እውቀት ታማሚው ቤት ድረስ የሚደርሰው በእንዲህ ዓይነት ሥራ ነው፤ ሥራውም ሕክምናውን የሰጠው ክፍል ኃላፊነት ነው።